ዉሃን ድረስ

«ቤቢሲት እያደረገቻት ነው እኮ» አለች ሣህሊቱ። «እናትየዋ ቻይና ናት። ሥራ ቦታ ነው የተዋወቁት።»

ማህደር ይህን ስትሰማ በእህቷ መኝታ ቤት ውስጥ ነበረች። የእንግዶቹ ቦርሳና ሹራብ የተከመረበት አልጋ ጥግ ላይ ሕፃኗን አስተኝታ ዳይፐር ትቀይርላታለች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መሰላት። ከዚያ እዚህ ቤት ያለችው ቻይናዊት ሕፃን አንዲት ብቻ መሆኗ ገባትና እጇ የዳይፐሩን ማጣበቂያ እንደያዘ ቀረ። ሕፃኗ የራሷን እግር ይዛ ወደ አፏ ትጎትታለች። ሳሎን ውስጥ አንዱ «አሃ!» አለ፤ አንዲቷ ደግሞ «ታድላ፣ ልጅ መጠበቅ እኮ ጥሩ ይከፈልበታል» አለች። ወሬው ወዲያው ወደ ሻንጣ ተመለሰ።

ከሲያትል ወጣ ብሎ ኬንት ያለው የሣህሊቱ አፓርታማ በዚያ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጉምሩክ ግቢ መስሎ ነበር። አባባ ኪዳነ ወልድ በሳምንቱ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበሩ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ዕቃ ሊያስይዛቸው መጥቷል። ሳሎኑ መሀል ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተዋል። የሣህሊቱ ባል ሀብተ ጊዮርጊስ ከመታጠቢያ ቤት ሚዛን አምጥቶ አንዱን ሻንጣ እንደ ሙሽራ አቅፎ ይቆምበታል፣ ቁጥሩን እያነበበ «ከበደ! አንድ ነገር አውጡ!» ይላል። የሚወጣው ዕቃ ባለቤት ይቆጣል። ስኒከሩ ለእህቴ ልጅ ነው፣ ቫይታሚኑ የእናቴ ነው፣ የስኳር መለኪያው እንዴት ይወጣል፣ ጂንሱ ይቅር እንጂ። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ቤዝቦል ያሳያል። በመስኮቱ የመጋዘኖቹ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ ሬኒየር ተራራ ደመናውን ገፎ ይታያል፤ ማንም ግን ወደዚያ አያይም።

አባባ ኪዳነ ወልድ የይርጉ ሚስት አጎት ናቸው። ይርጉ የሣህሊቱና የማህደር ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሣህሊቱ ለምን እንደዋሸች ለማህደር ሳይነገራት የገባትም ለዚህ ነበር። እኒህ ሽማግሌ እዚህ ቤት ያዩትን በሳምንቱ መጨረሻ በይርጉ ሳሎን ቁጭ ብለው ያወሩታል። ይርጉ ደግሞ መሳፍንት የሚባል ልጅ አለው፤ አስራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዓምና ቤተሰቡ በስልክ መክሮ ማህደር መሳፍንትን በሕግ ልጇ አድርጋ እንድታመጣው ወስኖ ነበር። የአሜሪካ ዜግነት አላት፣ አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ሥራዋም ደህና ነው፤ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸውን የሚያጥቡበት ክሊኒክ ውስጥ ማሽኑ ላይ ትሠራለች። ይፈልጋታል ወይ፣ ትፈልገዋለች ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሣህሊቱ ኮል አድርጋ «ሶ፣ ከአስራ ስድስት ካለፈ ሕጉ አይፈቅድም፤ ሳይሞላው ማለቅ አለበት» ስትላት ነው የሰማችው። ማህደር አልመለሰችም። በዝምታዋ እሺ ያለች መሰላቸው። እሷ ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ልጅ ከቻይና ለማሳደግ ያመለከተች ሰው ነበረች። ያን ጊዜ ቻይና ልጅ ላለው ሰው ልጅ አትሰጥም ነበር። መሳፍንትን በወረቀት ወለደች ማለት ይህቺን ሕፃን አጣች ማለት ነበር።

ዳይፐሩን አጣብቃ፣ ቀሚሱን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ትንሽ ቆመች። ልትሄድ ትችላለች። የመኪናዋ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነው። ቤቱን አቋርጣ «አመሰግናለሁ፣ ሥራ አለብኝ» ብትል የሚከለክላት የለም፤ ሣህሊቱም ውስጧ ደስ ይላታል። የመጣችበት ጉዳይ ግን ነበራት። የሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ቄስ «የሚመጣው እሁድ ክርስትና እናነሳታለን፣ ክርስትና እናት ይዘሽ ነይ» ብለዋታል። ክርስትና እንድታነሳላት እህቷን ልትለምን ነው ከምትኖርበት ከሬኒየር ቫሊ ኬንት ድረስ የነዳችው። ሕፃኗን ይዛ ከቻይና ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ያኑ ዕለት ደውላ ነግራታለች፤ ሣህሊቱ አንድ ቀን እንኳ መጥታ ሕፃኗን አላየቻትም። ሥራ ይበዛባታል ብላ ራሷን ስታጽናና ነበር የቆየችው።

በሩን በእግሯ ገፍታ ወጣችና አባባ ኪዳነ ወልድ አጠገብ ያለው ክፍት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው የሕፃኗን ጉንጭ በጣታቸው ነክተው ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ እናትየዋ ስንት ሰዓት ነው የምትወስዳት?» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለጨዋታ ነው የጠየቁት።

ማህደር ወደ እህቷ ዞረች። ሣህሊቱ የሚዛኑን ቁጥር ታያለች፤ ሚዛኑ ላይ ግን ማንም አልቆመም።

«አባባ፣ እናቷ እኔ ነኝ።»

«እንዴት?»

«ልጄ ናት። ዉሃን ከምትባል ከተማ፣ ቻይና ድረስ ሄጄ ነው ያመጣኋት። ቤቢሲት አይደለም።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ያቀፈውን ሻንጣ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሽማግሌው አንዴ ሣህሊቱን፣ አንዴ ማህደርን አዩ።

«ስሟ ማነው?»

«ሜይ።»

«ሜይ ማን?» የአባቷን ስም ነው የጠየቁት። ሰውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠይቁት።

«ሜይ ማህደር።»

ቀድማ የተናገረችው ከሶፋው ዳር የተቀመጠችው ገነት ናት። ገነት ኤርፖርት አካባቢ መኪና ማቆሚያ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ባሏን ትታ ከወጣች ወዲህ ሴቶቹ ከእሷ ጋር ትንሽ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። «እስቲ ንገሪን» አለች። «ዉሃን እንዴት ያለ አገር ነው?»

ማህደር ብዙ የምታወራ ሰው አይደለችም። ያን ቀን ግን ያልተጠየቀችውንም አወራች።

ዉሃን የብረትና የወንዝ ከተማ ናት አለቻቸው። ከሆንግ ኮንግ የተሳፈረችበት አውሮፕላን ዝቅ ሲል መጀመሪያ ያየችው ጭስ ነው፤ ጭሱ ሥር የብረት ፋብሪካው ረዣዥም ጭስ ማውጫዎች፣ ከእነሱ ሥር ቡናማ ወንዝ። ያንግትዜ ወንዝን ካርታ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ነበር የምታውቀው፤ ዳሩ ላይ ስትቆም ግን ማዶ ያሉት ሕንፃዎች በጉም እንደተሸፈነ ተራራ ብዥ ይላሉ። ከሰል የጫኑ ጀልባዎች እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥለው ያልፋሉ። ድልድዩ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር፤ ባቡሩ ሲያልፍ የቆሙበት ብረት እግርን እስከ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። የሐምሌ ሙቀቱን የአገሩ ሰው ራሱ ምድጃ ነው የሚለው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ የቀርከሃ አልጋውን ተሸክሞ መንገድ ዳር ይወጣል። አባወራው በካኖቴራ፣ አሮጊቷ በማራገቢያ፣ ልጆቹ ራቁታቸውን፣ መንደሩ በሙሉ አስፋልት ላይ ይጋደማል። ሬኒየር አቬኑ ላይ እንደዚያ ቢተኛ ፖሊስ ነው የሚመጣው ስትል ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ጠዋት ደግሞ የተፈጨ ሰሊጥ የተለወሰበት ትኩስ ኑድልስ በወረቀት ሳህን ይዘው ቆመው፣ እየሄዱ፣ ብስክሌት ላይ ሆነው ይበላሉ። ለሰሊጡ ስትል በየቀኑ በላች፤ የአገር ቤት ሰሊጥ መስሏት ሳይሆን ጥሩ ስለነበረ ነው።

እሷን ለማየት ሰው ይሰበሰብ ነበር። ጥቁር ሴት በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። አንዱ ብስክሌተኛ ዞሮ ሲያያት ከሐብሐብ ጋሪ ጋር ተጋጨና ሐብሐቡ መንገዱን ሞላው፤ ባለ ጋሪዋ ብስክሌተኛውን ትታ ማህደርን ተቆጣች። መጀመሪያ ቀን ሆቴሏ ገብታ በንዴት አለቀሰች። በማግሥቱ ሲያፈጡባት እሷም ቆማ አፈጠጠችባቸው፤ እነሱ አፍረው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ቀለላት።

ሕፃናቱ የተሰጡት ሆቴሉ ውስጥ ባለ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ከዋሽንግተን ስቴት አብረዋት የሄዱት ሁሉ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሁሉም ነጮች፤ ብቻዋን የሄደችው እሷ ብቻ ናት። ስም ይጠራል፣ ሞግዚት ሕፃን ታቅፋ ትገባለች፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ወላጆቹም ያለቅሳሉ፣ ካሜራ ይበራል። የማህደር ተራ መጨረሻ ነበር። ሞግዚቷ ጠና ያለች፣ አጭር፣ ፊቷ በላብ የወዛ ሴት ናት። በሩ ላይ ደርሳ ማህደርን ስታይ ቆመች። ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ ለአስተርጓሚዋ የሆነ ነገር አለቻት። አስተርጓሚዋ አንገቷን ደፋች።

«ምን አለች? ንገሪኝ» አለች ማህደር።

«ልጅቷ አትፈራትም ወይ ነው የምትለው። ይቅርታ።»

«ትስጠኝና እንይ በያት።»

ሞግዚቷ ሰጠቻት። ሜይ አላለቀሰችም። የማህደርን ፊት እንደ አዲስ ክፍል ከግንባሯ እስከ አገጯ ዞራ አየችው፤ አፍንጫዋን ያዘቻት፤ ከዚያ በላብ እንደረጠበች ትከሻዋ ላይ ተኛች። አዳራሹ በሕፃናት ልቅሶ ይናወጥ ነበር። ሞግዚቷ ጠጋ ብላ የሕፃኗን ጆሮ በአውራ ጣቷ ደባበሰችና፣ እንቅልፍ ሲያስቸግራት እንዲህ አድርጊ ብላ በምልክት አሳየቻት። ስትወጣ ዞራ አላየችም፤ ማህደር ግን የዚያችን ሴት ጀርባ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም።

«በማግሥቱ ብቻዬን አዝያት በጀልባ ወንዙን ተሻገርኩ» አለች ማህደር። ድምፏ ከፍ ብሏል። «ሠራተኛው ከነብስክሌቱ ነው የሚሳፈረው። ሴቶቹ ከበቡኝ። የማን ልጅ ናት ይሉኛል፤ ቃሉን ባላውቀውም እንደዚያ እንደሚሉኝ ገብቶኛል። እኔ የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዎ ደ ኑአር። የኔ ልጅ ማለት ነው። አንዷን ዎ ደ ኑአር፣ ሌላዋን ዎ ደ ኑአር። ማዶ እስክንደርስ ጀልባውን ሙሉ ስነግር ነበር። ያላመነችኝ አልነበረችም። አንዲት አሮጊት እንዲያውም ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።»

አባባ ኪዳነ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ያሳድግልሽ» አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «መሳፍንትስ?» አሉ።

ማህደር ከመመለሷ በፊት ሣህሊቱ ከኩሽናው በር ላይ ሆና ፈጥና ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ፍርድ ቤት አለ፣ ብዙ ነገር አለ። ሊወስዷትም ይችላሉ። ለይርጉ አሁን ምንም አይንገሩት፣ ነገሩ እያደር ይበርዳል።»

«አልቋል» አለች ማህደር። «የሚወስዳት የለም።»

ሀብተ ጊዮርጊስ ሚዛኑን በእግሩ ወደ ግድግዳው ገፋው። «ኦኬ፣ እኔ የምለው» አለ፤ «የገዛ ወንድምሽ ልጅ በር ላይ ቆሞ፣ የማን እንደሆነች የማትታወቅ…»

«የማን እንደሆነችማ አሁን ነገርኳችሁ። መሳፍንት እናት አለው፣ አባት አለው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ሁለቱም ይወዱታል። የትምህርት ቤቱን እከፍላለሁ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፤ ዛሬም ቃሌ ቃል ነው። እናቱ ሳለች እናቱ ነኝ ብዬ ዳኛ ፊት አልምልም። አክስቱ ነኝ፣ አክስቱ እሆናለሁ።»

አንዲት ሴት የልጇን ጂንስ ከሻንጣው አውጥታ እንደገና አጣጥፋ መልሳ ከተተችው።

ማህደር ሕፃኗን እንደታቀፈች ተነስታ ኩሽና ገባች። ሣህሊቱ የታጠበ ሳህን ትወለውላለች፤ ገነትም ከሶፋው ተነስታ ገብታ ሲንኩ ላይ ብርጭቆ ታለቀልቃለች። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። እንዲህ ሲቆሙ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሲናደዱ የታችኛውን ከንፈራቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ሣህሊቱ በአስራ ሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ማህደር ሲያትል የመጣችው በእሷ ስፖንሰርነት ነው፤ መጀመሪያውን ዓመት የተኛችው እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ቅድም ገነት የተቀመጠችበት ሶፋ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ዛሬ የመጣሁት ልለምንሽ ነበር» አለች ማህደር። «የሚመጣው እሁድ ክርስትናዋ ነው። እንድታነሺልኝ ነበር።»

ሣህሊቱ ሳህኑን ገለበጠችው። «ፎቶ ይነሳል። ፎቶው ይርጉ እጅ ይገባል። ተደብቃችሁ መከራችሁብኝ ነው የሚለው። ትንሽ ብትቆዪ ምን አለበት? ሁለት ወር፣ ሦስት ወር…»

«እሁድ ነው።»

«እንግዲያው አልችልም፣ ማህደር። በእኔ ቦታ ሆነሽ እይው።»

የቧንቧው ውኃ ቆመ። ገነት እጇን በጂንሷ ላይ አደራረቀች። «ካላስቀየምኩ» አለች፤ «እኔ ላንሳት። ንስሐ አባቴን አናግራለሁ። ሌላ የክርስትና ልጅ የለኝም፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሣህሊቱ ቀና ብላ አየቻት። ማህደር ገነትን ከዚህ በፊት በሰላምታ ብቻ ነበር የምታውቃት። ፊቷን አየች፤ የምትቀልድ ወይም የምታዝንላት አትመስልም።

«እሺ» አለች ማህደር። «አመሰግናለሁ። እሁድ በጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ።»

ሳሎኑን አቋርጣ ስትወጣ ሁሉንም በስም እየጠራች ተሰናበተች። ሀብተ ጊዮርጊስ ሚዛኑን አንስቶ ቁጥሩን ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ነገር ያዞራል፤ ቀና አላለም። አባባ ኪዳነ ወልድ ግን ከወንበራቸው ተነስተው የሜይን ግንባር ሳሙ።

መኪና ማቆሚያው ላይ አስፋልቱ የነሐሴን ፀሐይ ጠጥቶ ይተፋል። ማህደር ሕፃኗን ከኋላ ወንበር አስራ፣ መስኮቶቹን ዝቅ አድርጋ ሞተሩን አስነሳች። ማርሽ ልታስገባ ስትል ሣህሊቱ በቤት ጫማዋ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። በአሉሚኒየም የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ከዚያ ቤት ማንም ሰው ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም።

«ምግብ ሳትይዢ…»

«ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ። ሩዝም አለበት፣ ለሕፃኗ።»

«ሕፃኗ ማናት?»

ሣህሊቱ ወደ ኋላ ወንበሩ ለማየት ሞከረችና ዓይኗን መለሰች። ከመንገዱ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ወደ መጋዘኑ እያፈገፈገ ጢጥ ጢጥ ይላል።

«አታስለቅሺኝ፣ ማህደር።»

«አልቅሺ። እኔ እዚያ ጀልባ ላይ በማላውቀው ቋንቋ ተናግሬ አመኑኝ። ቤቢሲተር ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ፣ እህቴ፣ ያሳደግሽኝ። ከይርጉ ጋር ስትጣሉ እኔን አታስገቡኝ አልልሽም፤ ግን እሷን አትካጃት። ተመለሺና የሆነውን ንገሪያቸው። የማትነግሪያቸው ከሆነ ሳህንሽን ይዘሽ ግቢ፤ እኔም ይህን በር ሁለተኛ አላንኳኳም። ተቆጥቼ አይደለም። ልጄን ማንነቷ የማይነገርበት ቤት አላመላልሳትም።»

ሣህሊቱ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ዞራ ደረጃውን ወጣች፤ በዝግታ፣ አንድ እጇን መደገፊያው ላይ አድርጋ። የማህደር እግር ፍሬኑ ላይ ነው። ሣህሊቱ በሩ ክፍት እንደሆነ ደፉ ላይ ደረሰች፤ አልገባችም። እዚያው ቆማ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተጣራች።

«አባባ ኪዳነ ወልድ! ቅድም የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ልጅ አይደለችም። የእህቴ ልጅ ናት። ለይርጉም እንደዚያ ብለው ይንገሩልኝ። የእህቴ ልጅ ናት፣ በሕግም ያለቀ ነው!»

ውስጥ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ሀብተ ጊዮርጊስ የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «እነግረዋለሁ» አሉ። «ደስ አይለውም። ግን እነግረዋለሁ።»

ሣህሊቱ ተመልሳ ወረደች። ፊቷ በእንባና በላብ ረጥቧል። ሳህኑን መኪናው ጣሪያ ላይ አስቀመጠችና የኋላውን በር ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብላ ሕፃኗን ትክ ብላ አየቻት። ሜይም አየቻት። ሣህሊቱ የወንበሩን ቀበቶ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን ሳበችው፤ አልላቀቅ አላት።

«ይሄ ደግሞ እንዴት ነው የሚፈታው?»

«ቀዩን ተጫኚው። በደንብ ተጫኚው።»

ቀበቶው ጠቅ ብሎ ተላቀቀ። ሣህሊቱ ሕፃኗን አወጣቻት፤ ሜይም ወዲያው ጮኸች። እጆቿን ወደ ማህደር ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለጥጣ፣ መጋዘኑ ድረስ እስኪሰማ አለቀሰች።

«እሁድ እኔ አነሳታለሁ» አለች ሣህሊቱ በጩኸቱ ላይ።

«እሁድ ገነት ናት። ቃል ተነጋግረናል፣ አልመልሰውም። አንቺ አክስቷ ነሽ።»

ሣህሊቱ ከንፈሯን ወደ ውስጥ ሳበች። የምትመልሰው ነገር ያላት መስላ ነበር፤ ሕፃኗ ግን ስትወራጭ ነጠላዋን ጎትታ አወረደችባት፣ እሷም ሁለቱን ማንሳት አልቻለችም። ነጠላውን ተወችው። የምትጮኸውን ሕፃን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ «እሺ፣ እሺ የኔ እመቤት» እያለች፣ መስኮትና በረንዳ ላይ በተሰበሰበው ሰው ፊት ደረጃውን መውጣት ጀመረች።

ማህደር ዘላ ልትቀበላት እጇ ተነስቶ ነበር። መሪው ላይ መለሰችው። ሞተሩን አጠፋች፣ ወርዳ ከአስፋልቱ ላይ ነጠላውን አነሳች፣ ሳህኑን ከጣሪያው ወሰደችና ከኋላቸው ገባች።